በጮቄ ወንዞች ዳር በሚፈጸመው ጥፋት ላይ የቀረበ ውግዘት

ከጮቄ ተራራ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር የቀረውን አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ መንጥሮ እስከ ውኃው አፍ ማረስን፣ በምንጭ አናት ላይ ባሕር ዛፍ መትከልን፣ የፀረ ተባይ መርጫ በጅረት ማጠብን በአደባባይ አወግዛለሁ። የማወግዘው ስለ አንዲት እንቁራሪት ነው፤ ይህን ለመናገርም አላፍርም።

በሳይንስ መዝገብ ስሟ ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለዓለም ያስተዋወቋት አሊስ ግራንዲሰን ናቸው፤ የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ባጠኑት በዴሬክ ያልደን ስም ሰየሟት። ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ቤቷ ጮቄ የሚገኝበት የጎጃም ደጋ ነው።

የዚህ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ አይጥሉም። እናቲቱ ከውኃው ዳር እርጥቡን አፈር ቆፍራ ትቀብረዋለች፤ ክረምቱ ሲጠነክር ከእንቁላሉ የወጣው ባለጭራ ግልገል በጎርፉ እየተንፏቀቀ ወደ ጅረቱ ይገባል። እንግዲህ ዳሩን ያረሰ ማረሻ ውኃውን ሳይነካ ዘሯን ይገለብጣል። ጅረቱ መፍሰሱን ስለማያቆም ጥፋቱ ከመንገድ ለሚያይ ሰው አይታይም። ከማረሻው ያመለጠችውንም መርዙ ያገኛታል፤ በቆዳዋም ትተነፍሳለች፣ ውኃም የምትጠጣው በቆዳዋ ነውና።

ውግዘቴ ልጆቹን ሊያበላ የመጨረሻዋን ጥማድ ባረሰ ገበሬ ላይ አይደለም። ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጡት እሱን መኮነን ግፍ ነው። የማወግዘው ሕጉን በእጁ ይዞ ዝም ያለውን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል፤ የ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅም ማንም እንዳይበክል ከልክሏል። የተተከለውን ችግኝ እየቆጠረ የተመነጠረውን ወይራና ኮሶ የማይጠይቅ ሪፖርትም ከዚሁ ውግዘት አያመልጥም።

ደን መጠበቅ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዙሪያው ሁሉ ሲራቆት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ዛፉ የተረፈው በግዝት ተፈርቶና ተከብሮ ነው። ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ያ ግዝት ከቅጥሩ አልፎ እስከ ጨሞጋ፣ እስከ ሙጋ፣ እስከ ሱሃ ወንዞች ዳር ይውረድ! ከውኃው ግራና ቀኝ የማይታረስ፣ የማይመነጠር መሬት ተለክቶ ይታጠር፤ መሬቱ ለሚቀነስበት ገበሬም ካሣው አስቀድሞ ይከፈለው። ሹሙም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ መርዝ ሻጩም ነገ አልሰማሁም እንዳይሉ ይህ ውግዘት በየስማቸው ይድረሳቸው።