ጎበዝ ነጂ ማን ነው?

በእኛ በወጣቶች ዘንድ ጎበዝ ነጂ የሚባለው ገደሉንም አሸዋውንም ሳይፈራ መኪናውን አስጩኾ የሚያልፍ ነው። እኔም እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ ይህን አሳብ እደግፍ ነበር። ዛሬ ግን ስሕተት መሆኑን ስለ ተረዳሁት፥ ምክንያቱን ለመምህራኖቼ፥ ለወላጆችና ለትምህርት ጓደኞቼ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ከድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች አንዷ በሆነችው በቢዮ አዋሌ ዘመድ ጠይቀን ከአጎቴ ጋር በላንድክሩዘር ስንመለስ፥ የያዝነው መንገድ በደረቅ ወንዝ ውስጥ የሚያልፍ ነበር። በመጀመሪያ የአጎቴን ብልኀት አደነቅሁ። ጎማው አሸዋውን ሰፋ አድርጎ እንዲረግጥ አየር ቀነሱለት፤ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አድርገው፥ በከባድ ማርሽ፥ ሳይፈጥኑና ሳይቆሙ ነዱ። ቋጥኝ በገጠመን ጊዜ ወርደው በእግራቸው መረመሩት፤ ከዚያም እኔ ከፊት ቆሜ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ አለፍነው።

ግራና ቀኙ ገደል ከሆነው ጠባብ ሸለቆ አፍ ስንደርስ ግን ሞተሩን አጠፉ። በላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። እርሳቸው የሚያዩት በስተ ደቡብ በደንገጎ ተራራ ላይ የጠቆረውን ደመና ነበር። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌም ደመናውን በዱላቸው እያመለከቱ በኦሮምኛ አነጋገሯቸው። አጎቴ መኪናውን ወደ ከፍታው መልሰው፥ «ዛሬ እዚህ እናድራለን» አሉ።

«ጋሼ፥ ነገ ጧት ፈተና አለብኝ እኮ! ደግሞ ጠብታ እንኳ አልወረደም» አልኋቸው።

«ዝናቡ እዚያ ቢጥልም ውሃው የሚመጣው ወደዚህ ነው» ብለው ዝም አሉ።

እኔም ተናድጄ «ፈሪ ለእናቱ» ብዬ አጕረመረምሁ። ሳይሰሙኝ አልቀሩም፤ ግን አልመለሱልኝም።

ሌሊቱን ሙሉ ጎርፉን ጠበቅሁ፤ ጎርፍ አልመጣም። ሲነጋ አሸዋው እንደ ደረቀ ነበር። ፈተናው አመለጠኝ። ታሪኩን የሰሙ ጓደኞቼም «አጎትህ በከንቱ ፈሩ» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን «በከንቱ» በሚለው ቃል አልስማማም። ውሃው አለመምጣቱ ሊመጣ አይችልም ነበር ማለት አይደለምና። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ ደቻቱን በሌሊት ሞልቶት ከ200 በላይ የከተማችንን ሰዎች ገድሏል። በበጋ ሰው የሚመላለስበት ደረቅ አሸዋ ያን ሌሊት ምን እንደ ሆነ የድሬዳዋ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። የሚወርድ ውሃ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከደረሰ፥ አብዛኛውን መኪና፥ ከባዱንም ጭምር ጠርጎ ለመውሰድ ይበቃዋል። በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ መኪና ማዞሪያ ስፍራ የለም።

«ደመና ባየ ቁጥር የሚቆም ሰው መቼ ካሰበው ይደርሳል?» የሚል ተቃዋሚ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አጎቴ አሸዋውንም ቋጥኙንም አልፈሩም፤ ቢሳሳቱ ሊያርሙት ይችሉ ነበርና። የቆሙት ስሕተት በማይታረምበት ስፍራ ብቻ ነው። እንግዲህ ነጂን መመዘን የሚገባን በመጨረሻ በሆነው ነገር ሳይሆን፥ በወሰነበት ሰዓት ባየውና ባወቀው ነው። በዕድል ያለፈውን ብናመሰግን፥ ነገ ዕድል የማትረዳውን ሌላ ወጣት ወደ ሸለቆው መላካችን ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ነገ መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ማርሽና መሪ ብቻ ሳይሆን የደጋውን ሰማይ ማየትም እንማር። ወላጆችም ዘግይቶ የመጣውን ነጂ ከመውቀሳችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት።

መምህሬ ነገሩን ሰምተው ፈተናውን በሌላ ቀን ሰጡኝ። በዚያ ጧት ቤታችን ስንደርስ እናቴ ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስዳት አድራ ከደጃፍ ቆማ አገኘኋት። የተረትሁት ተረት ትዝ አለኝና አፈርሁ። አጎቴን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ይህ ጽሑፍ ይቅርታዬ ይሁንልኝ።