ጤና፦ ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ቢልም

ጠዋት ሲነሱ ጣቶችዎ አልታጠፍ ይላሉ። «ቁርጥማት ነው» ብለው ጥቂት ከታገሱ በኋላ ክሊኒክ ሄደው ደም ይሰጣሉ። ውጤቱ ላይ «አር ኤፍ ፖዘቲቭ» የሚል ተጽፏል። ታዲያ ታመዋል ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ሰውነታችን ከውጭ የሚገባበትን ጀርም የሚከላከለው አንቲቦዲ በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። አንዳንዴ ግን ዘበኛው ባለቤቱን እንደ ሌባ ይይዛል፤ አንቲቦዲዎቹ በገዛ አካላችን ላይ ይነሳሉ። እነዚህ አውቶአንቲቦዲ ይባላሉ። ሩማቶይድ ፋክተር ወይም አር ኤፍ አንዱ ነው። ለሉፐስ በሽታ የሚታዘዘው ኤ ኤን ኤ ደግሞ የሕዋሳችንን አስኳል የሚያጠቁትን ይፈልጋል።

ችግሩ እነዚህ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም መገኘታቸው ነው። አር ኤፍ በአረጋውያን፣ በሄፓታይተስ ሲና በሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ ሊታይ ይችላል። ኤ ኤን ኤ በ1፡160 መጠን ከ100 ጤነኛ ሰዎች በ5ቱ ገደማ ይገኛል። በተቃራኒው ሩማቶይድ አርትራይተስ እያለባቸው አር ኤፋቸው ኔጌቲቭ የሚሆን ሕሙማንም ጥቂት አይደሉም። አንቲ ሲሲፒ የተባለው ምርመራ ከአር ኤፍ ይልቅ ለዚህ በሽታ የተለየ ነው፤ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ሊታይም ይችላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ከወረቀቱ ይልቅ እርስዎን መጠየቅ አለበት። እርስዎም እነዚህን ይንገሩት፦

• የሁለቱም እጆች ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡና ከ6 ሳምንት በላይ ከቆዩ፤
• የጠዋቱ መገተር ከግማሽ ሰዓት በላይ ከወሰደ፤
• ፀሐይ የሚያባብሰው የፊት ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል ወይም የፀጉር መርገፍ ካለ።

እርጉዝ ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ እና አንቲ አር ኦ የተባለው አንቲቦዲ ከተገኘብዎ ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ከ100 ጽንሶች በ1 ወይም በ2ቱ ላይ የልብ ምትን ሊያዘገይ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል።

ምልክቱና ምርመራው ሲገጥሙ ግን ጊዜ አይስጡ። የመገጣጠሚያ ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊጀምር ይችላል፤ ቶሎ የተጀመረ ሕክምና ይገታዋል። ፕሬድኒሶሎን ከፋርማሲ በራስዎ ገዝተው መዋጥ ሕመሙን ቢያስታግስም በሽታውን ይሸፍናል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ወረቀቱን ይዘው የመገጣጠሚያ ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም ያማክሩ።