በጀልባው ላይ አንድ ሣጥን መጽሐፍ

ሰሞኑን «ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች» ተብሎ የተዘጋጀ የአርባ ምንጭ ጉብኝት መርሐ ግብር እጄ ገብቶ ሳነበው ከፋኝ። ጫሞ ላይ በጀልባ የአዞ ገበያ፣ አርባዎቹ ምንጮች፣ የእግዜር ድልድይ፣ ነጭ ሣር፣ ዶርዜ ወጥቶ ቆጮ በዳጣ፣ ማታ ዓሣ ጥብስ። ሁሉም ደግ ነው፤ አንዱንም አልነቅፍም። ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ልጅ መጽሐፍ የሚያይበት፣ የሚነካበት፣ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት አንድ ሰዓት እንኳ የለውም።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ የቆየ ሙግቴን ታውቁታላችሁ። «ሕዝባችን የንባብ ባህል የለውም» የሚሉ ሰዎችን ዛሬም አልቀበላቸውም። አንባቢው አለ፤ መጽሐፉ ነው ያልደረሰለት። ይህን ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ አይቼ መጣሁ።

ልጆቼን ይዤ ወደ ምዕራብ ዓባያ ወርጄ ነበር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ብርብር አካባቢ ሲደርስ ግራና ቀኙ ሙዝና ማንጎ ነው፤ በስተምሥራቅ ያ ቀይ ቡኒ ውሃ ተንጣሎ ይታያል። ዓባያ ሙሉ በሙሉ በአገራችን ውስጥ ካሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁ ነው፤ ስፋቱ ከ1100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ያን ቀለም የሰጠው ወንዞቹ ከደጋው እያጠቡ የሚያወርዱት አፈር ነው። ሞተር ጀልባ ተከራይተን ገባን።

ጀልባው ላይ ውሃ እየቀዳ የሚደፋ አንድ ልጅ ነበር፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከመቀመጫው ሥር በፌስታል ጠቅልሎ በሲባጎ ያሰረው ነገር አለ። ልጄ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ፈትቶ አሳያት፤ የኅብረተሰብ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ጠፍቷል፣ የገጾቹ ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ መሐሉ ግን ንጹሕ ነው። እሷም ከቦርሳዋ የተረት መጽሐፏን አውጥታ ሰጠችው። በአንድ እጁ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሞተረኛው እንዲሰማው ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። የጦጣዋ ተንኮል ላይ ሲደርስ ሁለቱም ልጆች ከልባቸው ሳቁ። ልጁ ጨርሶ መጽሐፉን አገላበጠና «ሚሚ፣ አንቺ ካነበብሽው በኋላ ለማን ነው የምትሰጪው?» አላት። መጽሐፉ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ አርባ ምንጭ ገብተን ምትኩን ፍለጋ ሄድን። የከተማዋን ሁለት ክፍሎች፣ ሲቀላንም ሴቻንም ዞርን። ደብተር አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ ፎቶ ኮፒ አለ፣ የፈተና መለማመጃ በየክፍሉ ተደርድሯል። በገባንባቸው ሱቆች ለልጅ ያገኘነው የፊደል ገበታና የእንስሳት ሥዕል ብቻ ነው። አንዱ ባለሱቅ በትሕትና «ጋሼ፣ የሚሸጠውን ነው የማመጣው» አለኝ። ነጋዴ ነው፤ አልፈርድበትም። የምፈርደው መጽሐፍን ከፈተና ጋር ብቻ አቆራኝተን ልጆቻችንን በምናሳድገው በእኛ በወላጆች ላይ ነው። ልጅ መጽሐፍ የሚያውቀው በፈተና ሰሞን ብቻ ከሆነ ፈተናው ሲያልቅ መጽሐፉንም ይገላገለዋል።

ጀልባና መጽሐፍ ምን አገናኛቸው የሚለኝ ካለ የራሱን አገር ታሪክ ይመልከት። አባቶቻችን መጽሐፍን ከጦርና ከእሳት ሊያድኑ ሲፈልጉ በታንኳ ጭነው ወደ ደሴት ነው የወሰዱት። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የብራና መጻሕፍቱን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። በዝዋይ ሐይቅ ደብረ ጽዮን ደሴት ላይም የዛይ ሰዎች የጥንት መጻሕፍትን ይዘው ኖረዋል። በዚህ አገር ቤተ መጻሕፍት መሄድ ማለት ጀልባ መሳፈር ማለት የሆነበት ቦታ አለ።

ባሕር ዳር ለምትሄዱ ወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክብራንና ዳጋ ሴት አይገባባቸውም፤ የገዳም ሥርዓት ስለሆነ አከብረዋለሁ። ሴት ልጅ ያላችሁ ግን ወደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውሰዷት፤ ወይም እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ናርጋ ሥላሴ፣ ደቅ ደሴት ድረስ ዝለቁ። ዑራ ላይ ዕቃ ቤቱን የሚያሳዩት አባት ብራናውን ሲገልጡ ልጆቹ ቀርበው ቀለሙን ይዩት፣ ቆዳው ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ያንገበግበኛል። የክብራንን መጻሕፍት ኧርንስት ሐመርሽሚት የተባሉ ምሁር ዘርዝረው እ.ኤ.አ. በ1973 በጀርመን አገር አሳትመዋል። እዚያ ያለ ተማሪ ስለነዚያ ብራናዎች አንብቦ ያውቃል። ሐይቁ ዳር የተወለደች የባሕር ዳር ልጅ ግን በውስጣቸው ምን እንዳለ የሚያሳያት የለም። የገዳሙ ሥርዓት ሳይነካ የመጻሕፍቱ ፎቶ ግራፍ ወደቡ አጠገብ በአንድ ክፍል ቢዘረጋ፣ ጀልባ የምትጠብቅ ልጅ ሁሉ ታየው ነበር። ማን ይከለክላል?

መጽሐፍን ወደ ልጅ መውሰድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ያነበበው 19 ዓመት ሆኖት ነው። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ቢያጣ ራሱ ጻፈ። ቀጥሎ አገሩ ተመልሶ በ1995 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ከዚያም ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ልጆች ወዳሉበት ሰፈር ወሰደ። ሐዋሳ ላይ አህያ ከቻለች ዓባያ ላይ ጀልባ የማትችልበት ምክንያት የለም። ኖርዌይ ውስጥ «ኤፖስ» የተባለች መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2020 ድረስ መጻሕፍት ተሸክማ ከባሕር ዳር መንደር ወደ መንደር ትዞር ነበር። በየደረሰችበት ልጆች መጽሐፍ ይመርጡ፣ ትርኢት ያዩ፣ ያነበቡትን መልሰው ሌላ ይወስዱ ነበር።

በ2014 ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ልጆቼንም ወስጄያቸዋለሁ። ግን አብርሆት በዓባያ መሐል ላለችው ጊዲቾ ደሴት ልጅ ሩቅ ነው። የባይሶና የሐሮ ሰዎች በዚያች ደሴትና በዳርቻው ይኖራሉ፤ ወጎሎ በሚሉት ታንኳ ቀዝፈው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያመላልሳሉ። ቋንቋቸው የብዙ ዘመን ተረት የተሸከመ ነው፤ በእነዚህ ቋንቋዎች የታተመ የልጆች ተረት ግን በሱቅ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በጀልባ ወደዚያ የሚላክ አንድ ሣጥን የአማርኛና የጋሞኛ መጽሐፍ ይዞ ይሂድ፤ ሲመለስ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ነግረዋቸው ልጆቹ የጻፉትን ተረት ይዞ ይምጣ። ያ ታትሞ ወደ ደሴቲቱ ይመለስ። ልጅ የአያቱን ተረት በወረቀት ላይ ሲያገኘው መጽሐፍ የእሱም ቤት ዕቃ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሊያደርግ የሚችል ተቋም እዚያው አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ ውሃን የሚያውቁ መምህራን፣ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉት። ውሃ የማይገባው ሣጥን ማሠራት፣ መጻሕፍቱን መርጦ መመዝገብ፣ ከጀልባ ማኅበራቱ ጋር ተነጋግሮ መላክ ለእንዲህ ያለ ተቋም ከባድ ሥራ አይደለም። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም፣ የዞኑ ትምህርት መምሪያም አብረው ይቁሙ። «በጀት የለም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ፤ ለአንድ ሣጥን መጽሐፍ የሚያስፈልገው ለአንድ ስብሰባ አበል ከሚወጣው አይበልጥም።

እናንተም በጋው ሳይገፋ ወደ አርባ ምንጭ የምትወርዱ ወላጆች፣ መንግሥትን አትጠብቁ። በየልጃችሁ ቦርሳ ሁለት የተረት መጽሐፍ አስገቡ፤ አንዱን ጀልባው ላይ ያንብቡት፣ አንዱን በሐይቁ ዳር ላለ ትምህርት ቤት ያስረክቡ። ልጁ በገዛ እጁ ይስጥ። አስጎብኚዎችም በመርሐ ግብራችሁ ላይ ያቺን አንድ ሰዓት ጨምሩ። አዞውን ያየ ልጅ ለጓደኞቹ ሳምንት ያወራዋል፤ መጽሐፍ ሰጥቶ፣ መጽሐፍ ተቀብሎ የተመለሰ ልጅ ዕድሜ ልኩን አንባቢ ይሆናል።