ተራራው ላይ ማን ይደር?

በአዲስ አበባ ወጣቶች ዘንድ የእግር ጉዞ ልማድ እየሆነ መጥቷል። እሑድ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ መሳፈር፣ ጥቂት ሰዓት ዳገት መውጣት፣ ፎቶ መነሳት፣ ሳይመሽ ቤት መግባት። መልካም ነው። ግን ያ ተራራ ባለቤት አለው። ገበሬው ከዚህ ሁሉ ጉዞ ምን አተረፈ? ምሳው ከከተማ ተቋጥሮ፣ ውሃው ከከተማ ተገዝቶ ሲመጣ ለመንደሩ የሚቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

መፍትሔው ማደር ነው። እንዴት እንደሚታደር ደግሞ መቄት አስተምሯል።

ሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ፣ የደጋው ጫፍ ወደ ገደል በሚቆረጥበት አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተዋል። ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ነው፤ «ተስፋ» በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ ድርጅት አገዘ፣ ገበሬው ባለቤት ሆነ። ጓዝ በአህያ ይጫናል። የሚያበስለውም፣ አልጋ የሚያነጥፈውም የመንደሩ ሰው ነው። ተጓዡ ከአንዱ መንደር ጎጆ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ማታ ጋቢ ደርቦ ቡና ይጠጣል፤ ጠዋት ጭላዳዎች ከገደሉ ሲወጡ ያያል። ያደረበት ገንዘብ እዚያው መንደር ይቀራል።

በኢጣሊያ ሞንቴ ሮዛ፣ 4,554 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የማርጌሪታ ጎጆ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ሲመረቅ የተሠራው ሰው በማይኖርበት በረዶ ላይ ነበር፤ የሠራውም የተራራ ወጪዎች ክበብ ነው። የእኛ ደጋ ግን ገብስ ይዘራበታል፣ በግ ይሰማራበታል። ስለዚህ ጎጆው የክበብ ሳይሆን የመንደር መሆን አለበት።

«ድንኳን እያለ ጎጆ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ድንኳን ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሃምሳ ሰው በየድንኳኑ ሲያድር አስታውን ለማገዶ ይቆርጣል፣ ሜዳውን ሽንት ቤት ያደርጋል። ጎጆ አንድ ምድጃና አንድ ሽንት ቤት አለው፤ ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚጠይቅ ባለቤት አለው።

ዛሬ ማንም ተነስቶ ወደ መቄት ይሂድ አይባልም። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ፣ በኋላም በክልሉ በተነሳው ግጭት፣ አካባቢው እንደ ቀድሞው እንግዳ የሚያይበት ጊዜ አልሆነም። ሰላም የጠፋበት ጎጆ ባዶውን ይከርማል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላም ነው።

እስከዚያው የጉዞ ክበቦች ሊሠሩት የሚችሉት አለ። በየሳምንቱ አዲስ ተራራ ከመቁጠር ደህና ሰላም ያለበትን አንድ መንደር መርጦ ከሽማግሌዎቹ ጋር መነጋገር፤ ጎጆው በእነሱ እጅ እንዲሠራና እንዲተዳደር ማገዝ፤ የአዳሩን ዋጋም ሳይከራከሩ መክፈል።

ባህሉ እንግዳ አይደለም። የመሸበት መንገደኛ «ቤት ለእንግዳ» ሲል «ቤት የእግዜር» የሚል ሕዝብ ነው። ቤቱ የእግዜር ቢሆንም እንጨቱን የተሸከመችው፣ ውሃውን የቀዳችው የቤቱ እመቤት ናት። ድካሟ ዋጋ ይገባዋል።