የማሲካ እንግዳ



ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ለአጭር ሥልጠና ዳሬሰላም ሄጄ ሳለ፣ በተረፉኝ ሦስት ቀናት በመርከብ ወደ ዛንዚባር ተሻገርኩ። ወቅቱ ቱሪስት የሚሸሸው ነው። በመምህር ደመወዝ ደሴት ለማየት የሚመች ግን እርሱ ብቻ ነበር።

ዛንዚባሮች ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ታላቁን ዝናብ «ማሲካ»፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለውን ቀለል ያለውን ደግሞ «ቩሊ» ይሉታል። በሚያዝያ ወር ብቻ በአማካይ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እንደኛ ክረምት ግን ብርድ ይዞ አይመጣም። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ስለሚደርስ ከዝናቡ ያመለጠ በላቡ ይረጥባል፤ የታጠበ ልብስም በቀላሉ አይደርቅም።

በጥንታዊቷ ስቶን ታውን በየቤቱ ግድግዳ ሥር «ባራዛ» የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ። በደህናው ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ይጫወትበታል። ጠባቡን መንገድ ጎርፍ ሲሞላው ደግሞ መንገደኛው በላዩ ይሄዳል። እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ከመደብ ወደ መደብ እየተሻገርኩ ለመግሪብ ሶላት ደረስኩ። በማግስቱ ወደ ደቡብ ወርጄ፣ ሚሕራቡ ላይ 500 ዓመተ ሂጅራ (1107 እ.ኤ.አ.) የሚል የኩፊ ጽሑፍ ያለበትን የኪዚምካዚን መስጂድ ያለ አንዳች ግፊያ አየሁ። አልሐምዱሊላህ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ወቅቱን አይቶ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶልኝ ነበር። እኔ ግን ሌላ እንግዳ እንደሌለው ስላወቅሁ ከዚያም አስቀነስኩት። ሳይከራከር «እሺ» አለኝ። በመጨረሻው ቀን ሻይ የሚያመጣልኝን ወጣት «ይህን ዝናብ እንዴት ትችሉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዝናቡ ረሕመት ነው፤ ሩዛችንና ካሳቫችን ከእርሱ ነው። የሚከብደን የእንግዳ መጥፋት ነው» አለኝ። ባልደረቦቹ እስከ ሰኔ ያለ ደመወዝ ወደየቤታቸው ተሰናብተዋል።

ቤቴ ተመልሼ በርካሽ ማደሬን በኩራት ሳወራ፣ ባለቤቴ ዝም ብላ ሰማችኝና «ልጆቹስ በምን አደሩ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዝናብ ወራት ወደ ደሴት የምትሄዱ ከሆነ ውኃ የማይጎዳው ጫማና ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ያዙ፤ አጎበር መኖሩንም ጠይቁ። በባሕሩ መናወጥ መርከብ ሊዘገይ ስለሚችል አንድ ቀን ትርፍ ይኑራችሁ። ዋጋ መከራከር ሐላል ነው። ሻጩ እምቢ ማለት የማይችልበት ጊዜ ሲሆን ግን ገዢው ራሱን ይግታ። እኔ ያስቀነስኳት ገንዘብ እኔን አላበለጸገችኝም፤ እዚያ ቤት ግን የአንድ ቀን ሩዝ ነበረች።