ለጨረቃ ቤት ዶዘር፣ ለጣና ዝምታ

ወገን፣ ባሕር ዳር ላይ ደሃ ጨረቃ ቤት ቢያቆም ደንብ አስከባሪ በማግስቱ ከች ይላል። ሐይቁ ዳር አጥሮ ፍሳሹን ጣና ውስጥ የሚለቀውን ባለሀብት ግን ማን ይንካው? ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የምናውቀው እንቦጭ እኮ በአየር አይኖርም፤ ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ነው የሚቀልበው። እኛን ንቀሉ ብለው ይጠሩናል፣ ቀለቡን የሚያቋርጥ የለም።

ሕግ ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ አንቀጽ 11ን አንብቡት፦ ማንም ሰው «አንተን ምን አገባህ?» ሳይባል በካዩን ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት መክሰስ ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው። ዲግሪያችን ሥራ ባያስገኝልንም ማመልከቻ መጻፍ አያቅተንም። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ። ቀሪው ላይ ማኅተም ሳታስመቱ ግን እንዳትወጡ።