ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የሚወርድ ናዳ

ናዳ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ዝናብ ነው። በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የደረሰውን ማን ይረሳዋል? የአውሮፓ ተራሮች ላይ ግን ተቃራኒውም ይገድላል፤ ሙቀትና ድርቅ።

ሰኔ 26 ቀን 2014፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 3 ቀን 2022፣ ጣሊያን ውስጥ ማርሞላዳ በሚባለው ተራራ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እሁድ ነበር፤ ለተራራ ጉዞ የሚመረጥ ብራ ቀን። ከቀትር በኋላ ከግግር በረዶው ትልቅ ቁራጭ ተገንጥሎ ወረደና 11 ሰው ገደለ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ 3,343 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራው ጫፍ ላይ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶ ነበር። በብርዱ ወራት የጣለው በረዶ ትንሽ ነበር፤ ሰሜን ጣሊያን በድርቅ ተመትቶ፣ የፖ ወንዝም ጎድሎ ነበር።

አማርኛችን ሁሉንም "በረዶ" ስለሚለው ልዩነቱ ይጠፋብናል። ከላይ የሚጥለው አዲሱ በረዶ ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ጨረር ይመልሳል፤ ለሥረኛው አሮጌ ግግር ጥላ ነው። እሱ ሲሳሳ ግግሩ ይጋለጣል፣ ይቀልጣል፤ ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይጠራቀማል። ከላይ ሲያዩት ምንም የለም። ከሥር ግን ውኃው ይገፋዋል።

በብርዱ ወቅትም ደረቁ ሰሞን የራሱ ወጥመድ አለው። ስስ በረዶ በብራ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲከርም ሥሩ እንደ ስኳር ፍርፍር ይላል፤ እርስ በርሱ አይያያዝም። ከዚያ በኋላ የሚጥለው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚቆለለው። አንድ የበረዶ ሸርተቴ ተጫዋች ሲያልፍበት ሙሉው ገበታ ሊንሸራተት ይችላል።

በአውሮፓ የናዳ አደጋ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይነገራል፤ ስልክ ላይ ይገኛል። ብዙ ሰው 3ን "መካከለኛ ነው፣ ችግር የለውም" ብሎ ያነበዋል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ግን ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በ3 ነው፤ 4 እና 5 ሲሆን ሰው ቤቱ ይቀመጣላ! ደግሞም ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ በረዶ ናዳ እንጂ ስለ ግግር መደርመስ አይደለም።

አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በግንቦት 2017 የስዊዘርላንዷ ብላተን መንደር ከመቀበሯ ከቀናት በፊት 300 የሚያህሉ ነዋሪዎቿ ወጥተዋል። እዚያ ግን ግግሩ ላይ የሚወድቀው ድንጋይ ለዓይን ይታይ ነበር። የማርሞላዳው ውኃ አልታየም። ስለዚህ እኔ የምደግፈው የሙቀት ወሰን ማበጀትን ነው፤ ጫፉ ላይ ለቀናት ከዜሮ በላይ ከቆየ መንገዱ ይዘጋ። አስጎብኚዎች ገቢ ያጣሉ፣ እውነት ነው።

ያለ ክልከላ የሚሆነውን ግን በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ አይተናል። ሞን ብላን ላይ በሙቀቱ ድንጋይ እየወረደ ሰዎች መውጣታቸውን አልተው ሲሉ፣ የሰን ዠርቬ ከንቲባ ወጪዎች 15,000 ዩሮ ያስይዙ አሉ፦ 10,000ው ለነፍስ አድን፣ 5,000ው ለቀብር።